ከስትሮክ በኋላ ለወረደ ትከሻ የኮረንቲ ሕክምና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ውስጥ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያነት ስሠራ አንድ ነገር በየሳምንቱ አያለሁ። ባጃጅ በር ላይ ይቆማል። ልጅ ወይም ወንድም ቀድሞ ይወርድና ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ያላቸውን አባት በታመመው እጃቸው ስቦ ያወርዳቸዋል። ከፍቅር የመጣ ነው፤ ማንም ሊጎዳቸው ብሎ አያደርገውም። ግን ያ እጅ በተሳበ ቁጥር ትከሻው ይበልጥ ይለቃል። ከዚያ እኔ ዘንድ ገብተው የመጀመሪያው ጥያቄ “ኮረንቲው ይሠራለታል?” የሚል ይሆናል።

ይሠራል፤ ወሰን አለው እንጂ። ከታች ያሉት ከድሬዳዋም ከሐረርም የሚመጡ ቤተሰቦች አዘውትረው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ ሕመምተኛውን በአካል ያየውን ባለሙያ አይተኩም።

እናታችን አልወደቀችም፣ ማንም አልነካትም፤ ትከሻዋ እንዴት ወለቀ?

ትከሻ ከሰውነታችን መጋጠሚያዎች ሁሉ በብዙ አቅጣጫ የሚዞር ነው። እንደዚያ የሚዞረው የክንዱ አጥንት ራስ የተቀመጠበት ጎድጓዳ ጥልቀት ስለሌለው ነው። የአጥንቱን ራስ ኳስ ብትሉት፣ መቀመጫው የስኒ ማስቀመጫን ያህል ለጥ ያለ ነው። ኳሱን እዚያ ላይ አጥብቀው የያዙት በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎች ናቸው። ስትሮክ ሲመታ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እነዚህ ጡንቻዎች ይዝላሉ፤ የክንዱ ክብደት ደግሞ ሥራውን አያቆምም። ሰውየው በተቀመጠ፣ በቆመ ቁጥር ወደ ታች ይጎትታል። ጅማቱና መጋጠሚያውን የሸፈነው ከረጢት ቀስ በቀስ ይለጠጣሉ፣ ኳሱም ይወርዳል።

በሕክምና “ሰብላክሴሽን” ይባላል፤ ሙሉ በሙሉ መውለቅ ሳይሆን ከቦታ መንሸራተት ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ወድቆ የወለቀ ትከሻ አንዴ ሲመለስ በአብዛኛው ቦታው ላይ ይቆያል። ይሄኛው ግን በእጃችሁ ደግፋችሁ ወደ ላይ ብትመልሱት ወዲያው ይገባል፣ እጃችሁን ስታነሱም ወዲያው ይወርዳል። የጎደለው የሚይዘው ጡንቻ ነውና።

ቤት ውስጥ ማየት ትችላላችሁ። ሕመምተኛዋን ወንበር ላይ አስቀምጧት፣ ክንዷ በጎኗ ይውረድ። ከትከሻዋ ጫፍ ላይ የሚሰማችሁን ጠንካራ አጥንት ፈልጉና ጣታችሁን ከሥሩ አሳርፉ። በደህናው በኩል ወዲያው ሥጋና አጥንት ያገኛችኋል። በታመመው በኩል ጣታችሁ ሰርጎ የሚገባበት ክፍተት ካለ፣ አንድ ጣት ነው ወይስ ሁለት? እኛም መጀመሪያ የምንለካው በዚሁ በጣት ነው። በጣታችሁ ብቻ ንኩ፤ ክንዱን አትሳቡ፣ አታንሱ።

“ኮረንቲ” ሲባል እንፈራለን። ምንድን ነው የሚያደርገው?

ስሙ ያስፈራል እንጂ ከግድግዳው ሶኬት የሚወጣው ዓይነት አይደለም። ማሽኑ በቆዳ ላይ በተለጠፉ ሁለት ፓዶች በኩል አጫጭር የኤሌክትሪክ ምቶችን ይልካል፤ ምቶቹ ወደ ጡንቻው የሚሄደውን ነርቭ ይቀሰቅሳሉ፣ ጡንቻውም ይኮማተራል። አንጎል ሊልክ ያልቻለውን ትእዛዝ ነርቩ ከውጭ ይቀበላል ማለት ነው። ነርቩ ራሱ አልተጎዳም፤ የተጎዳው አንጎል ውስጥ ያለው መነሻ ነው። ሕክምናው የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ስሜቱ መጀመሪያ መውረር፣ መንዘር ነው። ኃይሉ ሲጨምር ጡንቻው ራሱ ሲጨብጥ ይታያል። ማቃጠልና መውጋት የለበትም፤ ካቃጠለ ፓዱ በደንብ አልተለጠፈም ወይም ኃይሉ በዝቷል።

ፓዶቹ የት ይለጠፋሉ?

ሁለት ጡንቻዎችን ነው የምንፈልገው። አንደኛው ሱፕራስፓይናተስ ይባላል፤ ከኋላ በሦስት ማዕዘኑ የትከሻ አጥንት አናት ላይ ካለው ጠርዝ በላይ ተጋድሞ የክንዱን ራስ ወደ ጎድጓዳው የሚስብ ነው። ሁለተኛው የዴልቶይድ የኋላ ክፍል ነው፤ የትከሻው ክብ ሥጋ ከጀርባ በኩል ያለው። አንዱ ፓድ እዚህ፣ አንዱ እዚያ።

ቦታው መያዙን የማውቀው በማሽኑ መብራት አይደለም። ጣቴን ያ ክፍተት ላይ አደርጋለሁ። ጡንቻው ሲኮማተር ኳሱ ወደ ላይ ሲወጣና ክፍተቱ ከጣቴ ሥር ሲዘጋ ይሰማኛል። ትከሻው ወደ ጆሮ ብቻ ከተነሳ ፓዱ ወደ አንገት ተጠግቷል፤ የሠራው የአንገትና የትከሻ የላይኛው ጡንቻ ነው፣ እሱ ደግሞ አይጠቅመንም። በሴንቲሜትር ልዩነት የሚበላሽ ነገር ስለሆነ ትክክለኛውን ቦታ ካገኘሁ በኋላ የፓዱን ዙሪያ በእስክሪብቶ አሰምርና ቤተሰቡ በስልኩ ፎቶ እንዲያነሳው አደርጋለሁ።

በአብዛኛው ከ30 እስከ 50 ኸርዝ ባለው ድግግሞሽ፣ ማለትም በሰከንድ ከ30 እስከ 50 ምት፣ እንሠራለን። ጡንቻው ለ10 ሰከንድ ያህል ይሠራል፣ ከዚያ ያርፋል፤ መጀመሪያ ላይ ዕረፍቱ ከሥራው ይረዝማል፣ የዛለ ጡንቻ ቶሎ ይደክማልና። ከ20 ወይም 30 ደቂቃ ተጀምሮ ጊዜው እየረዘመ ይሄዳል፤ በሳምንት 5 ቀን፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት። በጥናቶች ውስጥ በቀን ለበርካታ ሰዓታት የተጠቀሙም አሉ። የማንኛውም ሕመምተኛ መጠን ግን የሚወሰነው ታይቶ ነው።

መቼ ይጀመር?

ይህ ከሁሉም ጥያቄዎች ትልቁ ነው፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ግን ከረፈደ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 አውስትራሊያ ውስጥ የታተመ የጥናቶች ማጠቃለያ ነበር። ከተለመደው ሕክምና ጋር የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ ቶሎ ሲጨመር፣ ያለ እሱ ከታከሙት ጋር ሲወዳደር የትከሻውን መውረድ በአማካይ 6.5 ሚሊሜትር ያህል አስቀርቷል። ዘግይቶ ሲጀመር ግን የቀነሰው 1.9 ሚሊሜትር ብቻ ነው። እጥፍ ብቻ አይደለም፤ ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። ምክንያቱን ከላይ ያየነው ነው፤ ጅማትና ከረጢት አንዴ ከተለጠጡ በኋላ እንደ ድሮ አይሰበሰቡም። ቀድሞ መያዝ ይቀላል፤ ኋላ መሰብሰብ ግን ከባድ ነው።

ስለዚህ ሕመምተኛው ከአደጋው ወጥቶ ሐኪሙ መቀመጥ ይችላል ሲል፣ ገና ሆስፒታል አልጋ ላይ እያለ ስለ ትከሻው ጠይቁ። “ትከሻው ታይቷል ወይ? ክፍተት አለው ወይ?” በሉ። በእኛ አካባቢ “መጋኛ ነው የመታው”፣ “ምች ነው” እየተባለ የመጀመሪያው ወር ሲያልፍ አይቻለሁ። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ ማንም አይከለክላችሁም፤ ከሕክምናው ጎን ይሂድ እንጂ በቦታው አይተካ። ጸበል ስትጠመቁ ፓዶቹ መውለቃቸውንና ማሽኑ መጥፋቱን ብቻ አረጋግጡ።

ሕመሙን ያጠፋል? እጁስ ይመለሳል?

ሁለቱንም ቃል ልገባላችሁ አልችልም። ገንዘባችሁን አውጥታችሁ ነው የምትመጡትና ይህን ቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ 4 ጥናቶችንና በውስጣቸው የነበሩ 170 ሕመምተኞችን አይቶ ነበር። ሕክምናው የትከሻውን መውረድ ይቀንሳል፤ ክንዱ ያለ ሕመም ወደ ውጭ የሚዞርበትንም ልክ ያሰፋል። ሕመሙን እንደሚቀንስ ግን ማስረጃ አላገኘም። ትከሻ ከስትሮክ በኋላ የሚያመው በብዙ ምክንያት ነው፤ መውረዱ አንዱ ብቻ ነው። የመጋጠሚያው መድረቅ፣ የጡንቻ መጨበጥና መወጠር፣ በመሳብ የተቀደደ ጅማት፣ አንጎሉ ራሱ የሚፈጥረው ሕመምም አለ። ለእያንዳንዱ መፍትሔው ይለያያል፤ ለአንዳንዱ መርፌ፣ ለአንዳንዱ መድኃኒት፣ ለአንዳንዱ አቀማመጥን ማስተካከል ብቻ። “ኮረንቲ ተደርጎለት ሕመሙ አልቀነሰም” ብላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት ሕመሙ ከየት እንደመጣ ይታይ።

የእጁ እንቅስቃሴ መመለስን በተመለከተ፣ ማሽኑ ትከሻውን ቦታው ላይ ያቆየዋል፤ ነርቭና አንጎል መልሰው ሲገናኙ ትከሻው ሳይበላሽ እንዲጠብቃቸው ነው። አብዛኛው መሻሻል የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ ከዚያ በኋላም በልምምድ ይቀጥላል፣ በዝግታ። ጡንቻው ሲኮማተር ሕመምተኛው አብሮ “እያነሳሁት ነው” ብሎ እንዲሞክር አደርጋለሁ። ዝም ብሎ ተኝቶ ከመቀበል አብሮ መሞከር ይሻላል።

ለማን አይደረግም?

በደረታቸው ውስጥ የልብ ምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ የተተከለላቸው ሰዎች ይህን ሕክምና ማድረግ የለባቸውም። ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ በአካባቢው ካንሰር ካለ፣ በዚያ ክንድ ውስጥ የረጋ ደም ካለ ወይም ከተጠረጠረ፣ ፓዱ የሚያርፍበት ቆዳ ቆስሎ ወይም መግል ይዞ ከሆነ አይደረግም። በመድኃኒት ያልተቆጣጠሩት የሚጥል በሽታ ካለ ቀድማችሁ ለሐኪሙ ተናገሩ። ፓድ በአንገት ፊትና ጎን ላይ፣ እንዲሁም ደረትን አቋርጦ አይለጠፍም።

ሌላ ብዙ ጊዜ የሚረሳ አለ። ስትሮክ ስሜትን ይወስዳል። እጃቸው ሙቅና ቀዝቃዛውን የማይለይላቸው እናት ፓዱ ሲያቃጥላቸው “አመመኝ” አይሉም። ለእንደዚህ ዓይነት ሰው የቆዳው ጠባቂ እናንተ ናችሁ። ፓዱ ሲነሳ ቀላ ቢል ብዙም አያስጨንቅ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላም ካልጠፋ ወይም ውኃ ከቋጠረ ግን አቁሙና አሳዩ።

ወጌሻ ጋ እንውሰደው?

ወጌሻዎቻችንን አከብራለሁ፤ ወለምታና ስብራት ይዞ ሄዶ ድኖ የተመለሰ ስንት ሰው አለ። ይህ ግን የእነሱ ሥራ አይደለም። የወጌሻ እጅ የሚያውቀው የወለቀን ስቦ ማስገባት ነው፤ ይህ ትከሻ ደግሞ የሚጎዳው በመሳብ ነው። አንዲት እናት ከስትሮካቸው 3 ሳምንት በኋላ ታሽተውና ተስበው መጡ። ከመታሸታቸው በፊት ትከሻቸው ወርዶ ነበር እንጂ አያማቸውም። እኔ ጋ ሲደርሱ ደህናውን እጃቸውን እንቅፋት አድርገው ማንም እንዳይነካቸው ይከላከሉ ነበር። ያ ፍርሃት እስኪለቃቸው ድረስ ማሽኑን ማውጣት እንኳ አልቻልኩም፤ ሁለት ሳምንት ክንዳቸውን ትራስ ላይ ማሳረፍ ብቻ ነበር ሥራችን። ቅቤ ቀብቶ ቀስ አድርጎ እጅን መዳሰስ ችግር የለበትም። መሳብ፣ መጠምዘዝ፣ ክንድን ከራስ በላይ በግድ ማንሳት ይቅር። በገመድና በፑሊ እጅን ወደ ላይ ማሳብም እንዲሁ ይቅር፤ ሕመም ያመጣል።

ማሽን ገዝተን ቤት ውስጥ ብናደርግለትስ?

ይቻላል፤ ከባለሙያ ጋር ከተማራችሁ በኋላ። ገበያ ላይ ያለው በአብዛኛው “ቴንስ” የሚባለው ነው። ቴንስ ሕመምን ለማስታገስ የተሠራ ነው፤ ይነዝራል እንጂ ጡንቻ አያሠራም። የምትፈልጉት ጡንቻ የሚያኮማትር፣ የሥራና የዕረፍት ሰከንዱ የሚስተካከል ነው፤ ሁለቱንም የሚሠሩ ማሽኖችም አሉ። ከመግዛታችሁ በፊት የሳጥኑን ፎቶ ለባለሙያ አሳዩ።

በባትሪ የሚሠራውን ምረጡ። መብራት ሲሄድ አይቋረጥባችሁም፤ ከሁሉ በላይ ከ220 ቮልት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። በቤት ሽቦ የተሠራ፣ የተቀጣጠለ፣ “እኔ ራሴ ሠራሁት” የሚባል ነገር ወደ ሰው ገላ አይቅረብ። ያ ሰው ይገድላል።

የድሬ ሙቀት ለፓድ ጠላት ነው። ላብ ካለ አይለጠፍም፤ ተለጥፎም ጠርዙ ይነሳና ኮረንቲው በትንሽ ቦታ ተሰብስቦ ያቃጥላል። ቆዳውን በሳሙናና በውኃ እጠቡ፣ አድርቁ፣ ቅባትና ሎሽን አይኑር፤ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ወይም አመሻሽ ላይ አድርጉ። ፓዱን በፕላስቲኩ መልሳችሁ ጥላ ቦታ አስቀምጡት፤ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ መስኮት ላይ ከተተወ በአጭር ጊዜ ይደርቃል። አንዱ ለአንዱ አያውሰው። ሰውየው ተኝቶ እያለ፣ ሲታጠብ ወይም እየተጓዘ አይደረግም።

ማሽኑ ግማሽ ሰዓት ነው። ቀሪውን ሰዓት ምን እናድርግ?

ይህን ጥያቄ የጠየቀ ቤተሰብ ሲመጣ ደስ ይለኛል። ግማሽ ሰዓት የሠራነውን በቀሪው 23 ሰዓት ተኩል አንድ መጥፎ አነሳስ ያፈርሰዋል።

ስታነሷቸው ከብብታቸው ሥር አትግቡ፤ ከእጃቸውም አትሳቡ። ፊት ለፊት ቁሙ፣ አንድ እጃችሁ ከኋላ በትከሻቸው አጥንት ላይ፣ ሌላው ወገባቸው ላይ ይሁን፤ ወደ ፊት ጎንበስ ሲሉ አብራችሁ ተነሱ። ሐረር ጁገል ውስጥ ነደባ (የሐረር ቤት መደብ) ላይ የሚቀመጡ ሽማግሌ ከሆኑ ይሄ ይበልጥ ይከብዳል፤ ዝቅ ያለ መቀመጫ ሰውን ያስጎትታል። ጠንካራ ፍራሽ ደርባችሁ ከፍ አድርጉላቸው፣ ወይም ወንበር ይምጣ።

ሲቀመጡ ክንዱ አየር ላይ አይንጠልጠል። ጠረጴዛ ላይ ወይም ጭናቸው ላይ በተደረገ ትራስ ላይ ይረፍ። ሲተኙ በጀርባቸው ከሆነ ከትከሻው ሥር ቀጭን ትራስ አድርጉበት። ስታለብሱ የታመመው እጅ ይቅደም፣ ስታወልቁ የታመመው መጨረሻ ይሁን። ድሪያ የሚባለው ቀሚስ ለዚህ ጥሩ ነው፤ ሰፊ ስለሆነ እጅን ማጣመም አይጠይቅም።

ሰላምታችን ራሱ ያስቸግራል። ጠያቂ ሲመጣ ትከሻ መግጨት፣ እጅ ይዞ መነቅነቅ አለ። በሩ ላይ አንድ ሰው ይቁምና “በዚህ በኩል አታድርጉት” ይበል። አታፍሩ።

በባጃጅ ወይም ከሐረር በደንገጎ ጠመዝማዛ ስትወርዱ ክንዱ በጎን ተንጠልጥሎ በየጉድጓዱ እንዳይነቀነቅ ጭናቸው ላይ ትራስ አድርጉ፣ በታመመው ጎን ሰው ይቀመጥ።

አንገት ላይ የሚንጠለጠል ማንገቻስ?

ሲቆሙና ሲራመዱ ብቻ። በነጠላም በሽርጥም ሊሠራ ይችላል። ሲቀመጡ ይውለቅ። ቀኑን ሙሉ ታጥፎ የታሰረ ክንድ እዚያው ይደርቃል፣ አንጎሉም ያንን እጅ ይረሳዋል።

በርጫ ላይ መቀመጥ ይችላል?

ይህን በሌላ አገር ማንም አይጠይቀኝም፤ እዚህ ግን በየቀኑ ነው። መጀመሪያ ጫቱ ራሱ፦ የደም ግፊትና የልብ ምት ከፍ ያደርጋል፤ አንዴ ስትሮክ ለመታው ሰው እንዲተወው ነው የምለምነው። የግፊት መድኃኒቱንም በምርቃና የሚረሳው ብዙ ነው። ሁለተኛ አቀማመጡ፦ በግራ ክርን መከዳ ተደግፎ ለሰዓታት መዋል። የታመመው ግራው ከሆነ የሰውነቱ ክብደት ሁሉ በዚያ ልል መጋጠሚያ ላይ ያርፋል። ሰው ናፍቆት ጓደኞቹ መሃል መሆን ከፈለገ ጀርባው በግድግዳ ተደግፎ፣ ክንዱ ትራስ ላይ ሆኖ ይቀመጥ፤ ሻይ ይጠጣ፣ ይጫወት። ከሰው መነጠሉም ይጎዳዋል።

የት እንሂድ?

ስትሮኩ ከታከመበት ሆስፒታል ጀምሩ። ድሬዳዋ ላይ ድል ጮራና ሳቢያን፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋናና ጁገል ሆስፒታሎች አሉ። ወደ ፊዚዮቴራፒ የሚልክ ወረቀት ጠይቁና ስትደርሱ የጡንቻ ማነቃቂያ ማሽን መኖሩንና በዚያ ሰሞን መሥራቱን አጣሩ። ከሌለ ባለሙያው በእጁ የሚሠራው ሥራና የአቀማመጥ ትምህርቱ ብቻውን ብዙ ይጠብቃልና አትመለሱ። የጤና መድን ካርድ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ምኑን እንደሚሸፍን በቅድሚያ ጠይቁ።

ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም የሚያስኬደው ምንድን ነው?

እጁ ከአንጓው ጀምሮ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ከቀላ ወይም ካብረቀረቀና ጣት ሲነካ ካስጮኸ ቶሎ አሳዩ፤ ሲዘገይ እጁ ሊደርቅ ይችላል። ክንዱ በድንገት አብጦ ከከበደ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። ከወደቁ ስብራት ይታይ። አዲስ የአፍ መጣመም፣ የንግግር መኮላተፍ ወይም የሌላ እጅ መስነፍ ካያችሁ ደግሞ ስለ ትከሻ ማሰብ ይቅር፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል።

ስንመጣ ምን ይዘን እንምጣ?

የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች፣ የሆስፒታሉን ወረቀት፣ ትከሻ የሚከፍት ልብስ፣ አንድ ትራስ። ደግሞም በየቀኑ ከአልጋ የሚያነሳቸው ሰው ይምጣ፤ ልጅም ይሁን የቤት ሠራተኛ። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ለጥቂት ቀን የመጣው ታላቅ ልጅ ነው፤ እሱ ሲመለስ ያሳየሁት ሁሉ አብሮት ይሄዳል። እዚህ ከእሳቸው ጋር የሚያድረውን አምጡልኝ፤ እጁን ይዤ የት እንደሚያሳርፈው ላሳየው።